የከፈልንበት የዩ ስትሪት የጃዝ ጉብኝት የት ሄደ?

ለአፑ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በስልክ እየሰሙ በራስ የሚዞሩትን የዋሽንግተን ዲሲውን የዩ ስትሪት የእግር ጉብኝት ከአፓችሁ በአማርኛ ገዝቼ፣ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ ከመጣው አባቴ ጋር ዞርንበት። በጣም ቅር ብሎኛል። ለደንበኛ አገልግሎታችሁ ጽፌ “አስተያየትዎን ተቀብለናል” ከማለት ውጪ መልስ ስላጣሁ፣ አሁን ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ዋሽንግተን ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ዩ ስትሪትን የምናውቀው በክትፎና በቡናው ነው። ሰፈሩ በኒውዮርኩ የቲያትር ጎዳና ስም ጥቁር ብሮድዌይ ይባል እንደነበር፣ በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሮች መሃል ከተማ ካሉት ቲያትሮችና ሆቴሎች ሲከለከሉ እዚህ የራሳቸውን ቲያትር፣ ባንክና ሆቴል እንደከፈቱ በአማርኛ የሚነግረን የለም። መንገድ ዳር የቆሙት የቅርስ ሰሌዳዎች እንግሊዝኛ ናቸው። የአማርኛ ትረካ አወጣችሁ ሲባል ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ሃዋርድ ቲያትር ጋ ደረስን። ድምፁ “በ1910 ተከፈተ፣ በ2012 ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ” (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አለና የአፓርታማ ማስታወቂያ ገባ። በቃ! እዚያው ቲያትሩ አጠገብ የፍራንክ ሆሊደይ ፑል ቤት ነበር። የሰፈሩ ልጅ፣ ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ዕድሜው ሳይፈቅድለት እየገባ ፒያኖ ተጫዋቾችን የሚሰማበት ቤት። ኖታ ተምረው የመጡትም፣ በጆሯቸው ብቻ የሚጫወቱትም እዚያ ይገናኙ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ይቀስም ነበር፤ ልጁም ከሁሉም ቀሰመ። ፑል ቤቱ ዛሬ የለም። ቲያትሩንማ ማንም አላፊ አግዳሚ ያየዋል፤ የጠፋውን ቤት ግን ካልነገራችሁን በምን እናውቀዋለን? እንግሊዝኛውን ከፍቼ ሳነጻጽር ታሪኩ እዚያ አለ። ከአማርኛው ለምን ወጣ?

11ኛው መንገድና ዩ ስትሪት ጥግ ላይ ደግሞ የባሰ ገጠመን። ትረካው ቦሂሚያን ካቨርንስ በተባለው የጃዝ ክለብ “ዛሬ ማታም ሙዚቃ አለ” ይላል። በ1926 የተጀመረው፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ራምሴ ሉዊስ በ1965 ታዋቂ አልበሙን በመድረኩ የቀዳበት ያ ክለብ እኮ በ2016 ተዘግቷል! አባቴ “ታዲያ ማታ እንምጣ” ሲለኝ መዘጋቱን የነገርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ቤት መዘጋቱ ራሱ የሰፈሩ ታሪክ ነው፤ ኪራይ ሲንር ምን እንደሚጠፋ ያሳያል።

1968ም ከአማርኛው ተቆርጧል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ዕለት ቁጣው የገነፈለው 14ኛው መንገድና ዩ ስትሪት ላይ ነው። ሱቆች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ሰፈሩን ለቆ ወጣ። ኋላ ደግሞ ለሜትሮው፣ ለምድር ውስጥ ባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፍሮ ነጋዴው ብዙ ተንገላታ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። እኛ ሐበሾች ናይንዝ ስትሪት (9ኛው መንገድ) ላይ ቤት መክፈት የቻልነው አዳምስ ሞርጋን የተባለው ሰፈር ሲወደድና እዚህ ኪራይ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ነው። ይህን ቆርጣችሁ ስታበቁ “ደማቁ የኢትዮጵያውያን ሰፈር” ስትሉን፣ ከሰማይ ዱብ ያልን ነው የሚመስለው። ከእኛ በፊት እዚያ የኖሩትንና የከሰሩትን ሰዎች ማወቅ አለብን፤ ለጎረቤትነታችንም ክብር ነው።

ሌላው የቆጨኝ ነገር፣ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሜዳሊያ ሸልመውታል፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። አባቴ ያኔ ተማሪ ነበርና ወሬውን ያስታውሳል። የዱክ ሥዕል ያለበት ግድግዳ ሥር ቆሞ ይህን ለእኔ ሲያወራልኝ፣ ትረካችሁ ስለ ብራንች (የረፋድ ምግብ) ሰዓት ያወራ ነበር። ለአማርኛ ሰሚ ከዚህ የቀረበ ታሪክ ከየት ይመጣል?

ጂፒኤሱም ችግር አለበት። የሊንከን ቲያትር ትረካ ቲያትሩን አልፈን ከሄድን በኋላ ነው የጀመረው። ቀድሞ ማውረድም አይቻልም፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ደግሞ ስልኩ ላይ ዳታ የለውም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከአማርኛው የተቆረጠው ሁሉ ይመለስ። የካቨርንስ መረጃ ዛሬውኑ ይታረም። ማስታወቂያ ካስፈለገም ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ከፍለን መሃል ላይ አታቋርጡን። ትረካውን ቀድመን የምናወርድበት መንገድም ይኑር። እስከዚያው አማርኛውን “ሙሉ ጉብኝት” ብላችሁ መሸጥ አቁሙ፤ የከፈልኩትንም መልሱልኝ። የዱክን የአዲስ አበባ ጉዞ ለመጨመር ከፈለጋችሁ አባቴ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚሁ ነው፤ የሚያስታውሰውን ለመቅዳት ፈቃደኛ ነው። ኢሜይሌ የግዢ ደረሰኙ ላይ አለ።