የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በራሪ ሳህን ያዩ ሰዎች

የዘንድሮውን ርዕስ የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከሌላ ዓለም መጣ የሚባለው በራሪ ሳህንና ከውስጡ ወረዱ የተባሉ ፍጡራን። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅማል?» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። አየሁ የሚለውን ሰው ሳያሾፉ መስማት፣ ከዚያ በጥንቃቄ መጠየቅ፣ የሳይንስ ተማሪ ሊለምደው የሚገባ ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ የአሜሪካዊውን አብራሪ የኬኔት አርኖልድን ታሪክ አየን። እ.ኤ.አ. በ1947 ሬይኒየር ተራራ አጠገብ ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሲከንፉ አየሁ ያለው እሱ ነው። በ1952 ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ የቬነስ ሰው አነጋገርኩ ያለው ጆርጅ አዳምስኪ ብዙ አላቆየንም። የፕላኔቷ የቬነስ ገጽ ሙቀት 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ሰው ሊኖርባት አይችልም።

ልጆቹን አፍ ያስከፈታቸው ኬሊ የምትባለው የአሜሪካ መንደር ታሪክ ነው። ኬንታኪ ግዛት ውስጥ፣ ኦገስት 21 ቀን 1955 ማታ፣ አንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት የመጣ ሰው ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ የሚያበራ ነገር ሲወርድ አየሁ እያለ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ ዓይናቸው የሚያበራ ፍጡራን የገበሬውን ቤት ከበቡት ተባለ። ቤተሰቡ በመስኮት ተኮሰ። በመጨረሻም ልጅ አዋቂው መኪና ላይ ተሳፍሮ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ፖሊስ ቤቱን ቢፈትሽ የጥይት ቀዳዳ እንጂ ፍጡር አላገኘም።

ገጠር ያደገ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ጉጉት ነው!» ማታ ባትሪ ሲበራባት ዓይኗ እንዴት ቦግ እንደሚል፣ ጫጩቶቿን ስትጠብቅ ክንፏን ዘርግታ እንዴት እንደምትመጣ በእጁ እያሳየ አስረዳን። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎችም ጉጉት ሳይሆን እንዳልቀረ መገመታቸውን ስነግራቸው ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ። አንዲት ልጅ ግን አልተዋጠላትም። «ጉጉት እየተተኮሰባት ትመላለሳለች?» አለች። ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት የወሰደብን የዚምባብዌው አሪየል ትምህርት ቤት ነው። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1994፣ ሀራሬ አቅራቢያ ሩዋ ውስጥ፣ መምህራኑ ስብሰባ ላይ ሳሉ 62 ልጆች በእረፍት ሰዓት አንድ የሚያብረቀርቅ ነገርና ጥቁር የለበሱ፣ ዓይናቸው ትልልቅ ፍጡራን አየን አሉ። ልጆቹ ያዩትን ሳሉ። ብዙዎቹ አድገውም ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። ልጆቹ አየን ካሉበት ዕለት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሩሲያ ሮኬት ስብርባሪ በደቡባዊ አፍሪካ ሰማይ ላይ እየነደደ አልፎ ስለነበር አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰማይ ነበር።

ሰዎች ያዩትን አብረው ሲያወሩት ትዝታቸው ይለወጥ እንደሆነ በራሳችን ክፍል ሞከርነው። ልጆቹ የማያውቁት ሰው ድንገት ገብቶ ከጠረጴዛው ላይ ካርቶን አንስቶ ወጣ። ግማሾቹ ወዲያው ለየብቻ ጻፉ፤ ግማሾቹ መጀመሪያ ተወያዩ። የተወያዩት ሁሉም ቀይ ኮፍያ አድርጎ ነበር ብለው ጻፉ። ሰውዬው ኮፍያ የሚባል ነገር አላደረገም። ለየብቻ የጻፉት ደግሞ ብዙ ዝርዝር ቢያመልጣቸውም ኮፍያ የጻፈ አልነበረም። የአሪየል ልጆች ግን ዋሹ ያለ አንድም ተማሪ አልነበረም፤ በዚህ ኮርቼባቸዋለሁ።

የአሜሪካ አየር ኃይል ሰማይ ላይ ስለታዩ እንግዳ ነገሮች እስከ 1969 ካሰባሰባቸው 12,618 ሪፖርቶች ውስጥ 701ዱ ምንነታቸው አልታወቀም። ከነዚህ አንዱ የፖሊሱ የሎኒ ዛሞራ ነው። በ1964 ሶኮሮ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እንቁላል የመሰለ ነገርና ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች አየሁ ብሏል፤ ቦታው ላይም የተቃጠለ ቁጥቋጦና መሬት ላይ የተተወ ምልክት ተገኝቷል። የመስከረም ሥራችንን በእሱ እንጀምራለን። ስትመጡ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፤ ከመወያየታችን በፊት ሁሉም ለየብቻው ይጽፋል።