አባዬ፣ ከጋቢናው ስትወርድ አትቸኩል

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለምትነዳው የጭነት መኪና ነው። ስለ አነዳድህ የምለው የለኝም፤ መሪ ላይ አንተን የምመክር ልጅ አይደለሁም። የሚያሳስበኝ መኪናው ከቆመ በኋላ እግርህ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ያለችው ጊዜ ናት። ባለፈው ስትወርድ አየሁህ። ከላይኛው መርገጫ ዘለህ ወረድክና ጉልበትህን ይዘህ ቆምክ።

ሾፌር መንገድ ላይ እያለ ይጠነቀቃል። ሲደርስ ግን ሐሳቡ ከሰውነቱ ቀድሞ ይወርዳል። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የቆየ እግር ደንዝዟል፣ ወገብም ተይዟል። የጋቢናው ወለል ደግሞ ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከዚያ ስትዘል ቁርጭምጭሚትህና ጉልበትህ ላይ የሚያርፈው ከሰውነትህ ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። በ30 ዓመትህ ምንም ያልመሰለህ ዝላይ በዚህ ዕድሜ አጥንት ሊሰብር ይችላል። ማታ ከሆነማ የምታርፍበት ጠጠር ይሁን ጉድጓድ ወይም የፈሰሰ ዘይት አይታይህም።

እባክህ ፊትህን ወደ ጋቢናው አዙረህ ውረድ። ከሁለት እጅህና ከሁለት እግርህ ሦስቱ ሁልጊዜ መኪናውን እንደያዙ ይቆዩ፤ አንዱን ብቻ አንቀሳቅስ። መያዣውን ያዝ እንጂ መሪውንና በሩን አትመን። መሪው ይዞራል፣ በሩንም ነፋስ ይወስደዋል። ስልክና ወረቀት ይዘህ አትውረድ። ወንበሩ ላይ ተዋቸውና መሬት ከረገጥክ በኋላ አንሳቸው። በሩን ከመክፈትህ በፊትም ስፖኪዮውን እይ፤ ብስክሌት ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚደርሰው።

ከመውደቅ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የመኪናው መንሸራተት ነው። የተጫነ መኪና ለዓይን የማትታይ ቁልቁለት ትበቃዋለች። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ እግርህን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብለህ አንሳና ትንሽ ጠብቅ። መያዙን ካየህ በኋላ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል። ቦታው ዘንበል ካለ ጎማው ሥር ታኮ ጨምርበት። «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብለህ ሞተሩ እየሠራ አትውረድ።

ተሳቢ ስትፈታና ስትቀጥል ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቅ። ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄደው ቀዩ የንፋስ ቱቦ ሲነቀል የተሳቢው ፍሬን እንደሚይዝ ታውቃለህ። የሚይዘው ግን በተጠራቀመው ንፋስ ነው። ንፋሱ ቀስ በቀስ ካመለጠ ፍሬኑ ሊለቅ ይችላል፤ ስለዚህ የተሳቢውን የራሱን የማቆሚያ ፍሬን ሳታስይዝ አትሂድ። ሲቀጠል የባሰ ነው። ቀዩን ቱቦ መልሰህ ስትሰካ የተሳቢው ፍሬን ሊለቅ ይችላል። የጎታቹ መኪና የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ አንተ ደግሞ መሐላቸው ነህ። ይህ ነገር ስንት የበሰለ ሾፌር ገድሏል። ቱቦውን ከመንካትህ በፊት ወደ ጋቢናው ተመልሰህ ፍሬኑን እይ። እንዳስያዝከው እርግጠኛ ብትሆንም እየው።

ምናልባት መኪናው ብቻውን ሲሄድ ብታየው ተከትለህ አትሩጥ። በሩ ላይ አትንጠልጠል፣ ፊቱ ቆመህም ልታስቆመው አትሞክር። ጮኸህ ሰው አርቅ። መኪናውም ጭነቱም ይሂድ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ ምን ሆንኩ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልምድህን አከብራለሁ፤ ያደግነውም በእሱ ነው። ግን ልምድ እጅን ያፈጥናል፣ እኔ ደግሞ እዚህች ላይ እንድትዘገይልኝ ነው የምለምንህ። አንድ ቀን ወድቀህ ወይም ተጨፍልቀህ ተገኘህ የሚል ስልክ መስማት አልፈልግም።

የጫማህ ሶል አልቋል። ዘይት ላይ የማያንሸራትት፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ ልገዛልህ ነው። ብዙ ስትነዳ እግርህ ያብጣል ብለኸኝ ነበር፤ ቁጥሩን ከወትሮው ከፍ ላድርገው? ስታርፍ ደውልና ንገረኝ።

የምወድህ ልጅህ