ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማ፣ ሁላቸውም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል። ከተጠፋፋን ዓመታት አለፉ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ አንተም ኑሮህን ስትል እኔም የኔን ስል ዝምታው እንዲሁ ረዘመ። ዛሬ ግን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ የሚያሰኝ ነገር ገጥሞኛል።

ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ያማሃ ኤጂ 100። አዎ፣ አባባ ነፍሳቸውን ይማርና ይነዷት የነበረችው ዓይነት። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ያላት፣ ካቴናዋ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ ያላት። ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች ናት። ያ የካቴና መሸፈኛ ለመንዝ ጭቃ ምን ያህል እንደሚጠቅም አባባ ሲናገሩ ትዝ ይልሃል? አሁን ፈትቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው። የውጭው ቆርቆሮ ዝጎ ተቆራርጧል፤ ውስጥ ያለው ካቴና ግን ግራሶው ሳይደርቅ ቁጭ ብሏል።

ያገኘኋት ሞላሌ ነው። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ በሸራ ሸፍነው አቆይተዋት ኖሯል። በደጉ ጊዜ የበግ ክትባት ጭነው መንዝን አዳርሰውባታል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያይቼ ነው ገንዘቡን የከፈልኩት። አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ሁሉ ከድምፁ በፊት ወረቀቱን ይይ እላለሁ። ሞተር ይጠገናል። ወረቀት የሌለው ንብረት ግን ዕድሜ ልክ ያንከራትታል።

ቤት ሳደርሳት የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ "እስቲ ምታትና እንስማት" አለኝ። እምቢ አልኩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ይይዛል፤ ፋሻዎቹ፣ የፒስቶኑ ቀለበቶች ማለት ነው፣ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። በጉልበት ከተመታ የተጣበቀው ፋሻ ይሰበራል። ስለዚህ ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን፣ ፈትቼ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት አንጠባጠብኩና ተውኳት። በኋላ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቼ የኋላ ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። መጀመሪያ ድርቅ አለ። ከዚያ ፒስቶኑ እሺ ብሎ ወጣ፣ ወረደ። ደስታዬን አትጠይቀኝ።

የቤንዚን ታንኩን በአቼቶ ሞልቼ አሳደርኩት። ዝገቱ ለቆ ወጣ። ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቤ ካደረቅኩት በኋላ ወዲያው ዘይት የገባበት ቤንዚን አዞርኩበት፤ የታጠበ ብረት ራቁቱን ካደረ በማግስቱ ይዝጋልና። ካርቦራቶሯ ውስጥ የድሮው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ የናስ ብሎን ቀዳዳዋ ድፍን ብሏል። እዚህ ላይ መርፌ የሚያነሱ መካኒኮች አሉ። ናስ ለስላሳ ነው፤ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ ቤንዚን ይጠጣል። እኔ ከብሩሽ አንዲት የፕላስቲክ ፀጉር ነቅዬ በሷ ነው ያጸዳሁት።

ተነሳች! ግን ነጭ ጭሷ አልቆም አለ። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለሚያቃጥል ጠዋት ቢያጨስ አይገርምም፤ ሲሞቅ ይተወዋል። የሷ ሲሞቅ ባሰበት። የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት ስለካው ጎድሏል። ያኔ ገባኝ፤ ፒስቶኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ የክራንኩ፣ የቀኝ ፓራሎዮ ነው፤ ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት። እንደዚህ ዓይነት ሞተር ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ በክራንኩ ክፍል ውስጥ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ ያ ክፍል አየር እንዳያስገባ ተዘግቶ መቆየት አለበት። በቀኝ በኩል ያለው ፓራሎዮ ሲደርቅ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ፈትቼ ሳወጣው የጎማው ጠርዝ በጥፍር ሲጫኑት ይሰነጠቃል። የግራው የባሰ ነው። እሱ ጭስ አያሳይህም። አየር ያስገባና ቤንዚኑን ያሳሳዋል፤ የምታየው ምልክት የጋዝ እጀታውን ስትለቅ ሞተሩ ቶሎ አለመውረዱ ብቻ ነው። ከዚያ ይግላል፤ ፒስቶኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱም መቀየር አለባቸው፤ አንዱን ለውጦ አንዱን መተው ዋጋ የለውም።

የዘይት ፓምፗንም ገና አላመንኩም። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀድመህ እንዳትቀላቅል የራሷ ቋትና ፓምፕ አላት፤ ያማሃ ይህን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ቋቱ ደርቆ ከነበረ ግን ቱቦው ውስጥ አየር ይቀራል። የማስተንፈሻ ብሎኗን ፈትቼ አረፋው እስኪያልቅ አፈሰስኩት። እንዲያም ሆኖ ለጊዜው ታንኩ ውስጥ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት እጨምራለሁ። ትንሽ ብታጨስ ይሻለኛል።

ወንድሜ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ አገራችን ናት። እዚህ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ልክ ቤንዚን ከሰጠኋት ካንዴላዋ ጥላሸት ይለብሳል፣ አቅምም ታጣለች። ስለዚህ አነስ ያለ ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን አደረግኩላት። አሁን የካንዴላው ጫፍ የተቆላ ቡና መስሏል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ነገር ግን ጉዶ በረትን አልፌ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የጣርማ በር ዋሻ ወጥቼ፣ ደብረ ሲናን አቋርጬ ሸዋ ሮቢት ስደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነኝ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ለላይ አገር ያሳሳሁት ቤንዚን እታች ሞተሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ትልቋን ብሎን ኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ ደብረ ሲና ሻይ ስጠጣ እቀይራታለሁ።

ቁልቁለቱ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ፓምፑ ከጋዙ ጋር የተያያዘ ነው። ጋዙን ዘግተህ በማርሽ ስትወርድ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚደርሰው ዘይት ግን ጥቂት ነው። በየመሃሉ ጋዙን ከፈት እያደረጉ ማጠጣት ያስፈልጋል። አባባ ከጣርማ በር ሲወርዱ በየጠመዝማዛው "እምም፣ እምም" የሚያደርጉት ለዚህ ኖሯል! እኛ ከኋላ ተደራርበን ተቀምጠን ለጨዋታ ይመስለን ነበር። ቱ ስትሮክ በማርሽ ብዙም አይያዝም፤ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ነው። ሁለቱንም የፍሬን ሸራ ቀይሬያለሁ። አቧራውን በአፌ አልነፋሁትም፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ነው የጠረግኩት። አንተም መኪናህ ላይ እንዲሁ አድርግ።

ቀለሟን አልነካሁም። ሁሉም ቀባት ይለኛል፤ አልቀባም። የተላጠው ቦታ ላይ ዘይት አሽቼ ዝገቱን አቁሜዋለሁ። በነዚህ ሞተሮች ስንት ባለሙያ መኪና ያልደረሰበት ቀበሌ ደርሷል። አሁን በየግቢው ለቁራሌ እየተሸጡ ነው። አንዷ እንኳ የሠራችበትን ቀለም እንደለበሰች ብትሄድ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ልመናዬ። ደብረ ብርሃን ያሉትን ዕቃ ቤቶች ሁሉ ዞሬ ፓራሎዮውን አጣሁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ አንድ ቀን ጎራ በልልኝ። አሮጌዎቹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ጎማው ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፦ የውስጡ ስፋት፣ የውጪው ስፋት፣ ውፍረቱ። በሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም መግጠም አለባቸው። "ይሄም ይሆናል" ቢሉህ አንድ ሚሊ እንኳ አትሸነፍላቸው። ፋሻ ካገኘህም የፒስቶኑን ልክ በስልክ ጠይቀኝ፤ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስለክቼ እነግርሃለሁ።

ዋጋውን እልክልሃለሁ። ዕቃውን ለሚመጣ ሰው ብትሰጠው መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ራስህ ይዘኸው ብትመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ለጥምቀት ና። እማማን ይዘሃት ና። ያን ጊዜ ፓራሎዮው ገብቶ ከሆነ ጣርማ በር ድረስ አብረን እንወጣለን፤ ስንወርድ አንተ ትነዳለህ።

ወንድምህ