ከሳሎን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ከሳሎን እስከ መኝታ ቤትሽ ስምንት እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ከዓርብ ጀምሮ በርሽ ስለተዘጋ በደብዳቤ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። እናትሽ «ከልጅህ ጋር በፖስታ መነጋገር ጀመርክ?» እያለች ትስቅብኛለች።

ዓርብ ማታ ግቢ በር ላይ ጓደኞችሽ ፊት ጮኽኩብሽ። «ሰፈሩ ሁሉ አየኝ» ብለሽ ስታለቅሺ «ደሞ አንቺን ማን ያይሻል!» አልኩሽ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ከአልጋው ሥር ካለው ካርቶን የኮሌጅ ደብተሬን አወጣሁ። ለመምህርነት ስሰለጥን የልጆች ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ፤ ሸምድጄ «ኤ» አምጥቼበታለሁ። ፒያጄ የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያወጣቸውን አራት የልጆች አስተሳሰብ ዕድገት ደረጃዎች ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሺኝ እቆጥርልሻለሁ። አንቺ ላይ ግን አንዱንም በጊዜው ልብ አላልኩትም።

እናትሽ ማርገዟን ያወቀችው ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ደግሞ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። እኛ «ዘገየ እኮ» እያልን ጣት ስንቆጥር አንቺ ያንን ሥራ ጨርሰሻል። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ይጀመር የሚሉትም ለዚህ ነው። እኔ ክኒኑን ይዤ ከች ያልኩት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው፤ እግዚአብሔር ጠበቀሽ።

በተወለድሽ በሦስተኛው ሌሊት እሹሩሩ እያልኩ ቤቱን ስዞር አመሸሁ፤ ለቅሶው አልቆም አለ። እናትሽ ከአልጋዋ ሆና «አምጣት እንጂ» ስትል፣ ገና እቅፏ ሳትገቢ ዝም አልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ለካ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማሽ ነበር፤ ከሁሉ የቀረበሽ ደግሞ የእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲካስፐርና ፋይፈር የሚባሉ ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ጨቅላዎች ከቴፕ ጋር የተያያዘ ጡጦ አስጠብተው ነበር። ሕፃናቱ የአጠባባቸውን ምት እየለዋወጡ፣ ከማያውቋት ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸው ድምፅ እንዲከፈትላቸው ያደርጉ ነበር።

በስምንት ወርሽ አያትሽ ሊያዩሽ ከገጠር መጥተው ስትጮሂባቸው በኀፍረት መሬት ትዋጠኝ አልኩ። ፊት መለየት ጀምረሽ ነው እንጂ ባለጌ ሆነሽ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሠርግ ቤት ከእናትሽ ጭን ወርደሽ፣ ዳዴ ብለሽ ሦስት ወንበር ታልፊያለሽ፣ ዞር ብለሽ ታያታለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ደግሞ ትሄጃለሽ። ሜሪ አይንስዎርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች ሕፃናትን ስትከታተል ያየችው ይህንኑ ነው፤ እናት ዘንድ እርግጠኛ የሆነ ልጅ ራቅ ብሎ ለመሄድ ይደፍራል። በርሽ ላይ ቁልፍ ይገጠምልኝ ስትዪ ይህን ባስታውስ ኖሮ ያን ያህል አልቆጣም ነበር።

የኩኩሉን ጊዜ ታስታውሺያለሽ? «ኩኩሉ!» ስል ከመጋረጃው ኋላ «አልነጋም!» ትያለሽ፤ ሁለቱም እግሮችሽ ከነጫማቸው ውጭ ናቸው። አንቺ እኔን ካላየሽኝ እኔም አንቺን አላይሽም፣ ሒሳቡ ይኸው ነበር። ያኔ በሳቅ ፈረስኩ። በወተቱ ቀን ግን አልሳቅኩም። ለወንድምሽ በረጅሙ ብርጭቆ፣ ለአንቺ በሰፊው ኩባያ እኩል ቀዳሁ። «የሱ ይበልጣል!» አልሽ። ዓይንሽ እያየ ያንቺን ወደ ሌላ ረጅም ብርጭቆ ገለበጥኩት። «አሁን በዛልኝ!» ብለሽ ፈነደቅሽ። እኔ «ስግብግብ!» ብዬ ጆሮሽን ቆነጠጥኩ። አራት ዓመትሽ ነበር።

ይህ እኮ ፒያጄ ልጆችን የፈተነበት ጥያቄ ነው! ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ከፍታው ላይ ይቀራል፤ ስፋቱን አብሮ ማስላት አይችልም። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሰውየው የገዛ ሦስት ልጆቹን እያየ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ እኔ ጆሮ እይዛለሁ። (ፒያጄም ቢሆን ሕፃናትን አሳንሶ ገምቷል ብለው በኋላ የመጡት አርመውታል። እሱም ከስሕተት አላመለጠም፤ ትንሽ አጽናንቶኛል።)

አሁን አሥራ አምስት ሞልቶሻል። «ሰፈሩ ሁሉ አየኝ» ላልሽው ዴቪድ ኤልካይንድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 ስም አውጥቶለታል፤ «ምናባዊ ታዳሚ» ልንለው እንችላለን። በዚህ ዕድሜ ሰው ሁሌ መድረክ ላይ ያለ፣ ሁሉም እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ እዚያው መድረክሽ ላይ ወጥቼ ነው የጮኽኩብሽ። ማን ያይሻል ማለቴ ከጩኸቱም ይብሳል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጠዋት ጠዋት «ሰነፍ» የምልሽንም አንሥቼዋለሁ። በጉርምስና የእንቅልፍ ሆርሞን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሆን እንቅልፍ አይወስድሽም፤ 12 ሰዓት ላይ ስቀሰቅስሽ ደግሞ ለዕድሜሽ ከሚያስፈልገው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ውስጥ ገና ብዙ ይቀርሻል። ስልኩ ግን ያብሰዋል፤ እዚህ ላይ አልለቅሽም።

ከግንባር ጀርባ ያለው፣ «ቆይ፣ ነገስ?» የሚለው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቆያል። ጓደኛ አጠገብ ሲኖር ደግሞ ድምፁ የባሰ ይደክማል። ይህን የምነግርሽ ጠበቃ እንድታደርጊው አይደለም። ቱቶሪያል ነኝ ብለሽ ሌላ ቦታ ማምሸትሽን ገና እንነጋገርበታለን፣ ያለ ጩኸት።

ስልክሽ ቡፌው ላይ ነው፤ ቻርጅ አድርጌዋለሁ። ቂንጬሽ ድስቱ ውስጥ ተከድኗል። በሩን አላንኳኳም፤ ወረቀቱን ከሥር አስገባዋለሁ። መልስ ካለሽ በዚያው መንገድ ላኪልኝ፤ እስከ 5 ሰዓት ሳሎን ነኝ።

አባትሽ