ላርስ ክሪስቴንሰን ሸጠ እንጂ አልሰጠም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ኖርዌያዊው የዓሣ ነባሪ አደን ቱጃር ስለ ላርስ ክሪስቴንሰን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ደቡብ ዋልታ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነውና አመሰግናለሁ። ይሁንና ጸሐፊው ሰውየውን «ለሳይንስ ሲል ሀብቱን የበተነ ለጋስ» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። እኔ ዕድሜዬን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። አሁን የምኖረው ልጄ ዘንድ፣ ክሪስቴንሰን መርከቦቹን ባሰማራባት በሳንደፍዮርድ ከተማ ነው። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ የኢንዱራንስን ነገር እናንሳ። ጽሑፋችሁ ክሪስቴንሰን ይህችን መርከብ ለደቡብ ዋልታ አሳሹ ለሻክልተን «አበረከተ» ይላል። የለም፣ ሸጠ። እዚሁ ሳንደፍዮርድ፣ በፍራምኔስ የመርከብ ግንባታ ድርጅት ተሠርታ በታኅሣሥ 1912 ውኃ ላይ ስትወርድ ስሟ ፖላሪስ ነበር። የታሰበችውም ገንዘብ ያላቸውን እንግዶች ወደ ሰሜን ዋልታ ወስዳ ድብ እንድታሳድን ነው። ሸሪኩ ቤልጅጋዊው አድሪያን ደ ጄርላሽ ድርሻውን መክፈል ሲያቅተው መርከቧ ክሪስቴንሰን እጅ ላይ ቀረች። ካወጣባት ባነሰ ዋጋ ለሻክልተን መልቀቁ እውነት ነው። ግን ይህ ዕቃው አልሄድ ያለው ነጋዴ የሚያደርገው ነው እንጂ ምን ስጦታ አለው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ደቡብ ጆርጂያን የመሳሰሉት ደሴቶች በብሪታንያ እጅ ስለነበሩ፣ የኖርዌይ አዳኞች እዚያ ጣቢያ ለመትከል የብሪታንያን ፈቃድ ማግኘትና ግብር መክፈል ነበረባቸው። በ1925 ላንሲንግ የተባለች ፋብሪካ መርከብ ይህን ነገር ገለበጠችው። ኋላዋ ተከፍቶ ወደ ባሕሩ የሚያዘቀዝቅ መወጣጫ ነበራት። መቶ ቶን የሚደርስ እንስሳ በዊንች እየተጎተተ በዚያ ይወጣል፤ ወለሉ ላይ ይበለታል፤ ስቡ ከታች ባሉት ጋኖች ይቀለጣል። ወደብ አያስፈልግ፣ የማንም ፈቃድ አያስፈልግ። በመርከብ ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ነፃነት እንደሆነ ይገባዋል።

ለንደን ግን በአንታርክቲካ ዳርቻ ላይ የይገባኛል ጥያቄዋን እያሰፋች ነበር። መሬቱ የእሷ ከሆነ ነገ ደግሞ ባሕሩም የእኔ ነው ማለቷ አይቀርም። ክሪስቴንሰን ከ1927 እስከ 1931 ኖርቬጂያ የተባለችውን መርከብ በራሱ ወጪ ደጋግሞ የላከው ይህን አስልቶ ነው። ሳይንቲስቶች ተሳፍረውባት ነበር፤ ካፒቴኑ ደግሞ አዲስ መሬት ካገኘ በኖርዌይ ስም እንዲይዝ የመንግሥት ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። በታኅሣሥ 1 ቀን 1927 ካፒቴን ሃራልድ ሆርንትቬት በደቡብ አትላንቲክ ባለችው ቡቬ ደሴት ላይ የኖርዌይን ባንዲራ ተከለ። በየካቲት 1929 ተራው የቀዳማዊ ጴጥሮስ ደሴት ሆነ፤ ከተገኘች መቶ ዓመት ቢያልፋትም እስከዚያ ቀን የሰው እግር አልረገጣትም ነበር። ቡቬ 49 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነች፣ አብዛኛው አካሏ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ዓለት ናት። ለአዳኞቹ ግን የራስ መንደርደሪያ ነበረች።

ጸሐፊው አንድም ቃል ያላሉት ስለ ዓሣ ነባሪዎቹ ነው። በ1930–31 የአደን ወቅት ብቻ ከ29,000 ያላነሱ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች በደቡብ ባሕር ተገድለዋል። ሁሉንም የገደለው ክሪስቴንሰን ነው አልልም፤ የጉዞዎቹ ገንዘብ የመጣው ግን ማርጋሪንና ሳሙና ከሚሠራበት ከዚህ ዘይት ነው። በሚቀጥለው ዓመት አብዛኛው የኖርዌይ መርከብ ወደቡን ሳይለቅ ከረመ። ባለቤቶቹ ለዓሣ ነባሪዎቹ አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ዘይቱ ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋው ስለወደቀ ነው።

እዚህ ወደብ ላይ ሳዘርን አክተር የምትባል የ1950 አዳኝ መርከብ ለጎብኚ ክፍት ናት። የክሪስቴንሰን አልነበረችም፤ ሥራው እንዴት እንደነበር ግን ታሳያለች። ከካፒቴኑ ማዘዣ ጦር እስከሚተኩሰው ፊተኛ መድፍ ድረስ ጠባብ የብረት መተላለፊያ ተዘርግቷል። ተኳሹ ብዙውን ጊዜ ካፒቴኑ ራሱ ስለነበር በዚያ ላይ ሮጦ ይደርሳል። ሞተሯ በእንፋሎት ነው፤ የናፍጣ ሞተር ጩኸት እንስሳውን ያስበረግጋል ይሉ ነበር። ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ ደግሞ ክሪስቴንሰን ለከተማዋ የሰጠው፣ በ1960 የቆመው የሚሽከረከር ሐውልት አለ። መቅዘፊያ የያዙ ሰዎችና በእጁ ጦር የሚወረውር አዳኝ በትንሽ ጀልባ ላይ ይታያሉ። መድፉስ? የእርሱን ሀብት ያመጣው እኮ መድፉ ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ሥራው ከንቱ አልነበረም። በ1929–30 ኖርዌያውያኑ አብራሪዎች ሪሰር-ላርሰንና ሉትሶ-ሆልም የአንታርክቲካን ዳርቻ በአውሮፕላን ቃኙ። በ1936–37 ደግሞ አብራሪው ቪጎ ቪዴሮ ከአየር ያነሳቸው ፎቶዎች ለካርታ ሥራ ውለዋል። ጀርመኖች በሽቫበንላንድ መርከብ ወደዚያው ሲገሰግሱ ኖርዌይ በጥር 14 ቀን 1939 ንግሥት ማውድ ምድር የተባለውን የአንታርክቲካ ክፍል የእኔ ነው ያለችው ይህን ሥራ ይዛ ነው። በዚያው የ1937 ጉዞ የክሪስቴንሰን ሚስት ኢንግሪድ ከልጇና ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር አብራ ነበረች። ወደ ደቡብ ስትሄድ አራተኛዋ ሲሆን በጥር 30 ስከሊን በተባለው ግዙፍ ዓለት ሥር መሬት ረገጠች። ጽሑፋችሁ ስሟን እንኳ አላነሳም።

ኖርቬጂያ ናት ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ ቢታረም ጥሩ ነው። ኖርቬጂያ ትንሽ የአቆስጣ አዳኝ መርከብ ነበረች፤ የፎቶዋ መርከብ ግን ኋላዋ ላይ መወጣጫው በግልጽ የሚታይ ፋብሪካ መርከብ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ፣ ከሳንደፍዮርድ