ከቅዳሜው ጉዞ በፊት

ሰላም ጓዶች፣ ቅዳሜ የዕፅዋት ናሙና ልንሰበስብ ስንወጣ አደራ፣ ቅጠል ብቻ ቀንጥሳችሁ እንዳትመጡ! ያለ አበባ ወይም ያለ ፍሬ ዝርያውን መለየት በጣም ያስቸግራል። አሮጌ ጋዜጣ ያዙ፤ ናሙናው በጋዜጣው መሃል ተዘርግቶ፣ ተጭኖ ይደርቃል፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ደግሞ ይቀየራል፣ አለዚያ ይሻግታል (የኔ ባለፈው ክረምት ሻግቶ ተጥሏል)። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም እዚያው ጻፉ። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚለወጥ እሱንም። ማስታወሻ የሌለው ናሙና ገለባ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያከማቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የሚዘረዝሩት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ቅጾችም የተጻፉት እንዲህ ያሉ ደረቅ ናሙናዎች እየተመረመሩ ነው። የመጽሐፉ ሥራ ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ፈጅቷል። እኛ ደግሞ አንድ ቅዳሜ በዛብን እንላለን!