ሆዱ ባዶው ፈረስ፦ የሥነ ጥበብና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የጭቃ ክበብ» የሚል ስም እንደወጣልን አውቃለሁ። ስሙን ያወጣው ባልደረባዬ ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ ይበል። ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ስናቦካ መክረማችን እውነት ነው። ለምን እንዳቦካን ግን ላስረዳ።

በመስከረም 34 አባላት ተመዘገቡ፤ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፤ ዕቅድ ጸደቀ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ የሚፈልግ ይየው። ሥራችን የአንድ ቀራጺን ሕይወትና ሥራ አጥንቶ ለክፍል ጓደኞች ማቅረብ ነበር። ማንን የሚለው አላከራከረንም። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ከደብረ ብርሃናችን አፍንጫ ሥር፣ አንኮበር ነው። ሆኖም ከአባላቱ ግማሹ ሠዓሊነታቸውን እንጂ ቀራጺነታቸውን አልሰማም ነበር።

ልጆቹን መጀመሪያ የሳባቸው ሐውልት አልነበረም። አፈወርቅ በልጅነታቸው፣ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። ይህን ሲሰሙ የ12ኛ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወላጆች ይቅርታ፤ እኔ ምንም አላልኩም።

አፈወርቅ አዲስ አበባ ላለው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ስላቸው ቁጥሩ ምንም አልመሰላቸውም። ሜትር አምጥተው የክፍላችንን ወለል ለኩ፤ 56 ካሬ ሜትር ሆነ። ሦስት ክፍል ሊሞላ ትንሽ የቀረው መስታወት መሆኑን ሲያውቁ ነው ፉጨት የተሰማው።

ከዚያ ወደ ሐረሩ ሐውልት ደረስን፦ ራስ መኮንን በፈረስ ላይ። ራስ መኮንን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው፤ የንጉሡ መናገሻ ደግሞ አንኮበር። እንግዲህ ሐረር የቆመው ፈረሰኛም ቀራጺውም ዘራቸው ከእኛው ተራራ የሚመዘዝ ነበር። ነበር ማለቴ፣ ሐውልቱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ስለፈረሰ ነው። «ቲቸር፣ የት ሄደን እንየው?» ላለኝ ልጅ በስልኬ ፎቶ ከማሳየት በቀር መልስ አልነበረኝም። «ከሌለማ እንሥራው» አሉ። የጭቃው ነገር የመጣው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ፈረስ ሳይደርቅ እግሩ ከዳው። ሁለተኛው ቆመ፤ ደረቀም። ከጥበቃው ጋር ሆነን ከግቢው ጀርባ በኩበት ስንተኩሰው ግን ፈንድቶ ስብርባሪው አጥሩ ድረስ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ አባላቱ 19 ብቻ ቀሩ። የአንኮበር ጉዟችንም በመንገዱ ሁኔታ ሁለቴ ተሰርዟል፤ በሦስተኛው ሄደን የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ስንወጣ ጉም ውጦት ቆየንና ምንም ሳናይ ዳቧችንን በልተን ተመለስን።

ፈረሱ በፈነዳበት ቀን ግን ዓመቱን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ የከረመች፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ10ኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ ሆዱ መቦርቦር ነበረበት» አለችኝ። ጭቃው ወፍራም ከሆነ ውስጡ የቀረው እርጥበት እሳት ሲያገኘው መውጫ ያጣል። ከየት እንዳወቀች ብጠይቃት አቀረቀረች። በሚቀጥለው ዓርብ በማዳበሪያ ከረጢት የታሸ አፈር ይዛ መጣች፤ ገል ተደቁሶ ተቀላቅሎበታል። ያን ጊዜ ገባኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በእኛ አካባቢ ይህ ለአንዲት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም፤ ያውቀዋል።

የገለጻው ቀን መብራት አልነበረም። ቢኖርም ፕሮጀክተር የለንም። ሥዕሎቹን በኪሴ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነበር። ባለቀለም መስታወትን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ማስረዳት ምን እንደሚመስል ለበጀት ኮሚቴው ግምት እተዋለሁ። ጓደኞቿ የሕይወት ታሪኩን ከወረቀት እያነበቡ ጨረሱ፤ የእሷ ተራ ደረሰ። ሦስተኛውን ፈረስ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ክርን የምታህል ነገር ናት፤ ጆሮዋ ወደፊት የተቀሰረ። ከኋላ ወንበር አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የጠይብ ልጅ አይደለች፣ ምን ይገርማል» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ልነሣ ከወንበሬ ግማሽ ደርሻለሁ።

«አዎ፣ ከእናቴ ነው የተማርኩት» አለችና ፈረሱን ገልብጣ ባዶ ሆዱን አሳየች። «የነሐስ ሐውልትም ውስጡ ባዶ ነው። ድፍን ቢሆን ክብደቱን እግሩ አይችለውም።» ጥላ ውስጥ ስንት ቀን እንደደረቀ፣ ሆዱ በምን እንደተፋቀ፣ አንድ በአንድ ተናገረች። «ጥያቄ ያለው?» አለችና ወደ ኋላ ወንበር አየች። ያ ልጅ እጁን አወጣ፤ «ጭራው ለምን አልተሰበረም?» አላት። ደወሉ ተደውሎም አልወጡም።

እኔ ተቀመጥኩ። የገለጻ ነጥብ የምሰጥበትን ወረቀት ረስቼው ኖሮ በማግስቱ ነው የሞላሁት።

አሁን ወደ ልመናው። ቤተ መጻሕፍታችን ስለ ቅርጻ ቅርጽ የሚናገር አንድም መጽሐፍ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት 19ኙን ልጆች አዲስ አበባ ወስጄ የታደሰውን የአፍሪካ አዳራሽና በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያሉትን የአፈወርቅ ሥራዎች ማሳየት እፈልጋለሁ። መንገዱ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጎደለን የመኪና ኪራይ ብቻ ነው። የቀድሞ ተማሪዎችና ወላጆች፣ መዋጮውን ገንዘብ ያዥዋ በካርኒ ትቀበላለች። ለሸክላው አፈር የሚሆን ገንዘብ አንጠይቅም፤ እናቲቱ በነፃ እሰጣለሁ ብለዋል። እሺ ያልኳቸው ግን ዋጋው ይከፈልዎታል ብዬ ነው።

ፈረሱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ በላይ ቆሟል። ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ እዩት፤ አታንሡት ብቻ፣ የኋላ ግራ እግሩ በኮላ የተያዘ ነው።